የመስኮቱ ወንበር

ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሄራን አዳራሹ ስትገባ የመስኮቱ ወንበር ባዶ ነበር።

የለቡው የሥራ አዳራሽ መቶ አርባ ወንበሮች አሉት። መስኮት ያለው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት መቶ ሠላሳ ዘጠኙ ወይ ግድግዳ ያያሉ ወይ የሌላ ሰው ጀርባ። ቀድሞ የደረሰ ስለሚይዘው በዝናብም ቢሆን ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በሩ ላይ የሚሰለፍ ሰው አይጠፋም። ሄራን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እዚያ የተቀመጠችው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ከተማው በጎርፍ ተዘግቶ፣ አንዴ ደግሞ የመግቢያው ሰዓት ተበላሽቶ።

ናሆም ከጎኑ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። "ነይ ሄራን፣ እዚህ ተቀመጪ" አላት።

ናሆም በስሟ ጠርቷት አያውቅም። የተማረችው ኮሪያ፣ ቡሳን ከተማ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስሟ "ቡሳን" ነው። ስትዘገይ "ቡሳን ዛሬ በጀልባ ነው የመጣችው" ይላል፤ ስትቸኩል "ቀስ በይ፣ እዚህ አገር ባቡሩም ይጠብቅሻል" ይላል። ከመመለሷ በፊት የተማረችውን ሁሉ አንድ በአንድ እንደረሳችና የቀራት ሰዓት ማክበር ብቻ እንደሆነ ለሰው ሁሉ ያወራል። ዛሬ ወንበሩን ስቦላት ወደ ግድግዳው ሄደ።

ትንሽ ቆይተው እትዬ ሜሮን ሻይ ይዘው መጡ። እትዬ ሜሮን በአዳራሹ ከሁሉም ዕድሜ ጠገብ ናቸው፤ ሻይ ሲያቀርቡ ደግሞ ሰው ሳይሰድቡ አያልፉም። ስለ ሄራን ቅጥነት ብቻ ብዙ ስድብ አላቸው። ዛሬ ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጡ፣ ትከሻዋን ዳሰስ አደረጉና ምንም ሳይሉ ሄዱ።

ሄራን በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። የባቡሩ ሐዲድ፣ ከሐዲዱ ማዶ የተሰጣ ልብስ፣ ከልብሱ ማዶ ሌላ አዳራሽ። ሰው እንደሞተባት የገባት ያኔ ነው።

*

የሐዘን ዕረፍት ሕግ የወጣው በደግ ልብ ነበር። ሐዘንተኛ ለአርባ ቀን ሥራ አይመደብለትም፤ አሠሪ ቢለምነው ያስቀጣል፤ ራሱ ሐዘንተኛው ልሥራ ቢልም አይፈቀድለትም። ለቋሚ ሠራተኛ ጥሩ ሕግ ነው። ግን ቋሚ የሚባለው ሰው ከመቶ ሦስት አይሞላም። የቀረው ውሉ በየአሥራ አራት ቀኑ ይታደሳል። አርባ ቀን ቤቱ የተቀመጠ ሰው ውሉ ሳይታደስ ሁለት ሦስት ጊዜ ያልፈዋል፤ ሲመለስ ሥራ የሚያከፋፍለው ማሽን፣ መዳቢው፣ እንደ አዲስ ገቢ ከወረፋው ጫፍ ያስቀምጠዋል። ከጫፍ ተነስቶ ሙሉ ቀን የሚያሠራ ምደባ እስኪያገኝ ሁለት ዓመት የፈጀበት ሰው አለ።

ሕጉ አርባውን ቀን የሚቆጥረው ሰው ከሞተበት ቀን ሳይሆን መርዶ ከተነገረበት ሰዓት ጀምሮ ነው። ይህን አንቀጽ ያስገቡት አገሩን የሚያውቁ ሰዎች መሆን አለባቸው። ቤተሰብ ድሮም መርዶ ያቆያል፤ ለታመመ ሰው፣ ለነፍሰ ጡር፣ ውጭ አገር ለሚማር ልጅ። አሁን ደግሞ ለውል እድሳት ማቆየት ተጀመረ። አንዳንዱ ለአሥር ቀን፣ አንዳንዱ ለሦስት ወር።

ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት እጁ ላይ የሚታሰረውን የሥራ አምባር ወደ አፉ አስጠግቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፦ "እስከዚህ ሰዓት ድረስ የደረሰኝ መርዶ የለም።" ዋሽቶ የተገኘ ከየትኛውም አዳራሽ ይታገዳል። ያልተነገረው ሰው ግን አልዋሸም። መጠርጠር መርዶ አይደለም። ስለዚህ የጠረጠረ አይጠይቅም፣ የሚያውቅም አይናገርም። ቤተሰብ ሰውየውን በዓይኑ እንዲጠብቅ ለአንድ ባልደረባ ያሳውቃል፣ ባልደረባው ለአዳራሹ በጆሮ ያደርሳል፣ አዳራሹ ደግሞ አቅሙ የፈቀደለትን ያደርጋል፦ ወንበሩን ይለቃል፣ ስድቡን ያቆማል።

ሄራን ራሷ አምና ለናሆም ወንበር ለቃለታለች። ያኔ መስኮቱ ጋ አሥራ አራት ቀን ተቀመጠ።

አምባሯን ወደ አፏ አስጠጋች። ዓረፍተ ነገሩን ተናገረች። መዳቢው የቀኑን የመጀመሪያ ሥራ አመጣላት፤ የአንድ የማታውቀው አገር የመኪና አደጋ ማመልከቻዎች፣ ቁጥራቸው ሁለት መቶ ሰባ።

*

ማን እንደሞተ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልጋትም ነበር። ያሏት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ኮምቦልቻ ያሉት እናቷና ታናሽ ወንድሟ ኪሩቤል። እናቷ ሰላማዊት ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ኩላሊቷ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኗታል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ቤቷ ውስጥ ባለው ማሽን ደሟ ይታጠባል። ሐኪሙ ባለፈው መስከረም ኪሩቤልን ለብቻው ጠርቶ አናግሮታል። ኪሩቤል ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከሳል በስተቀር በሽታ አያውቅም።

ኪሩቤል በየማለዳው መልእክት ይልክላት ነበር። እናታቸውን "ንግሥቲቱ" ነው የሚላት። "ንግሥቲቱ ዛሬ ገንፎውን አልቀበልም ብለዋል።" "ንግሥቲቱ የጎረቤቱን ድመት በአዋጅ አባረዋል።" የመጨረሻው የመጣው ዓርብ ነበር። "ንግሥቲቱ ልጃቸው አሜሪካ ካለው ሥራ ጋር እንዲፋታ አዘዋል፤ ጉዳዩን እያጠናሁት ነው" ይላል። ኪሩቤል ከቤት ሆኖ በሁለት ውል ነበር የሚሠራው፤ ቀን ለአንድ አገር፣ ሌሊት ደግሞ ለአሜሪካ። ቅዳሜ አልጻፈም። እሑድ የእናቷ የስልክ ቀን ነው፤ ሄራን ግን እሑድ ድንገት ምደባ መጥቶላት አልደወለችም።

አሁን ኪሩቤል ዝም ብሏል። መዋሸት አይችልበትም፤ ልጅ ሆኖም ሲዋሽ ጆሮው ይቀላ ነበር። ቀልድ መጻፍ አቅቶት ነው ብላ አሰበች።

ከዚያ በላይ ያቃጠላት ግን ሌላ ነገር ነው። ቡሳን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች አባቷ ሞተ። ፈተናዋ እንዳይበላሽ ብለው የነገሯት ከአምስት ወር በኋላ ነው። በእነዚያ አምስት ወራት "አባትሽ ሰላም ብሎሻል" እያሉ ይጽፉላት ነበር፤ እሷም ለአባቷ ሹራብ ገዝታ ልካለች። የክፍል ጓደኛዋ የአያቷን ሞት ምሳ እየበሉ ሳለ በአንድ መስመር ጽሑፍ ስትሰማ፣ ተነስታ ፊቷን ታጥባ ስትመለስ አይታለች። የቱ እንደሚሻል ያኔም አላወቀችም፤ አሁንም አታውቅም። የተመለሰች ቀን ግን ኪሩቤልን አስቀምጣ አስምላዋለች። የመጣው ቢመጣ፣ እኔ ምንም ላይ ብሆን፣ በዚያው ሰዓት ትነግረኛለህ። ኪሩቤልም ጆሮው ሳይቀላ ምሎላታል።

ቃሉን አፈረሰ፤ ሄራን ያመነችው ይህንን ነው።

ለምን እንዳፈረሰም ታውቃለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ አዳራሹ ከመቶ አርባ ሰው አንዱን ለሦስት ዓመት ውል ይመርጣል። ዘንድሮ ለመጨረሻው ዙር የደረሱት አራት ናቸው፤ አንዷ እሷ ነች። ሦስት ዓመት ማለት እናቷን አዲስ አበባ አምጥቶ ማሳከም ማለት ነበር። ለኪሩቤልም ስለዚህ ብዙ ጊዜ ነግራዋለች።

አሥር ቀን ቀርቷታል።

*

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የእናቷ ድምፅ መጣ።

"ሄራንዬ፣ እኔ ነኝ። ደህና ነኝ። በልተሻል? ሥራሽን በርቺ። በይ ቻው።"

ሄራን አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ሰማችው። እናቷ በሕይወቷ የድምፅ መልእክት ልካ አታውቅም። ሰው በሌለበት ማውራት ጠንቋይ ያስመስላል ትላለች።

እንዲህ ያሉት ድምፆች በከተማው ስም አላቸው፤ ማቆያ ይባላሉ። የታመመ ሰው ጊዜው ሲቃረብ ቤተሰቡ ያስቀዳዋል። ቀኑን አይጠራም፣ ስለ አየሩ አያወራም፣ "ደህና ነኝ፣ በልተሻል፣ በርቺ" ይላል። መርዶው እስኪነገር ድረስ በየቀኑ አንድ አንድ ይላካል። የናሆም አባት አሥራ አራት ማቆያ ነበር የተዉት። በደንብ የሚያስቀዱ ሰዎችም አሉ፤ በአንዱ ላይ ያስስሉታል፣ በሌላው ላይ ያስቁታል፣ እውነት እንዲመስል።

ረቡዕ ሌላ መጣ። ሐሙስም መጣ፤ በሐሙሱ የእናቷ ድምፅ ሻክሯል፣ ከኋላው የሰዎች ንግግር ይሰማል። ሆስፒታል የተቀዳ ነው ብላ አሰበች። በመጨረሻዎቹ ቀናት መሆን አለበት።

አልመለሰችም። ምን ብላ ትመልሳለች? ድምፅ ስትልክ አምባሩ የልቧን አመታት ይመዘግባል፤ ይህ አንደኛው ምክንያት ነው። ሌላው፣ ኪሩቤል ስልኩን ይዞ ተቀምጦ መልሷን ሲሰማ ታያት። በአባቷ ጊዜ እንዳደረጉት ሁሉ ሹራብ የምትልክ ሞኝ ልትሆንላቸው አልፈለገችም። መደወልም አልቻለችም፤ ደውላ እናቷ ካላነሳች አወቀች ማለት ነው፤ ካወቀች ደግሞ የነገ ማለዳ ቃሏ ውሸት ይሆናል። ለኪሩቤልም አልጻፈችም፤ ለእሱ ሆን ብላ ነው።

ስለዚህ ትሠራለች። በመስኮቱ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሥራው ይፈጥናል፤ ማንም አያቋርጠውም። በዚያ ሳምንት የሄራን ቁጥር ከአዳራሹ አንደኛ ሆነ። መዳቢው ሐሙስ ማታ አመስግኗት ነገ አንድ ሰዓት ቀደም ብላ ወጥታ ለራሷ ጊዜ እንድትወስድ መከራት። ለራሷ ጊዜ ወሰደች፤ ሐዲዱ ዳር ሄዳ አንድ ሰዓት ቆመች፣ አምባሩም "መዝናናት" ብሎ መዘገበላት።

*

ቅዳሜ ከሰዓት ናሆምን ደረጃው ላይ አገኘችው። ተቀምጦ የያዘውን ሳምቡሳ ሳይበላ ያየዋል። ከጎኑ ተቀመጠች።

"ናሆም፣ እስቲ አንድ ጊዜ ስደበኝ" አለችው።

ሳቅ ሊል ሞከረ። "ቡሳን…" ብሎ ጀመረና ቀጥሎ የሚለው ጠፋው። ሳምቡሳውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጣት። ሁለቱም እጃቸው ላይ ይዘውት ቀሩ።

ደረጃውን እያየ፣ እናትሽ መልእክት ትልክልሻለች አይደል ብሎ ጠየቃት። ትልካለች አለችው።

"መልሺላት።"

ሄራን አየችው። አምና እዚያው መስኮት ጋ ጆሮው ላይ ስልክ ለጥፎ ሲያወራ ትዝ አላት። "አንተ ለአባትህ ትመልስ ነበር?"

"ሁሉንም" አለ ናሆም። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። የሆነ ነገር እንደገባው ሰው ቀና ብሎ አያት፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አምባሩን አየ። የእሷንም አምባር አየ። "የኔና ያንቺ…" ብሎ አቆመ። "ብቻ መልሺላት። ምን ይጎዳሻል?"

ሄራን መልሱን እንደ ደግነት ወሰደችው። እሱ እንደዚያ አድርጎ ቀሎት ይሆናል ብላ አሰበች። ሰው ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አመስግናው ተነሳች፤ ናሆም ተከትሏት ሊነሳ ሲል ተመልሶ ሲቀመጥ ሰማችው።

እሑድ የመጣው መልእክት ረዘም ይላል። "ሄራንዬ፣ ለምን ዝም አልሽኝ? ሥራ እንደበዛብሽ አውቃለሁ። አንድ ቃል ብቻ፣ እሺ በይኝ። እሱንም ከቻልሽ ነው።" ሄራን ሁለት ጊዜ ሰማችው። በደንብ የተዘጋጁት ማቆያዎች ይህ አላቸው፤ ልጆች እንደማይመልሱ ያስቀዱት ሰዎች ያውቃሉ። ኪሩቤል ጥሩ ባለሙያ አግኝቶ ነው ማለት ነው። ስልኩን በግንባሩ ደፍታ ልብስ ማጠብ ጀመረች። ያንኑ ሸሚዝ ሦስት ጊዜ አጠበችው።

*

ምዘናው ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ነበር። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጧል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ከግድግዳው ስክሪን ላይ ያያሉ። ሰውየው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ጺሙን በደንብ የተላጨ፣ ድምፀ ለስላሳ ነው። ውኃ ቀዳላት። ስለ ሥራዋ አንድም ጥያቄ አልጠየቃትም፤ የሥራ ውጤቷ ፊቱ ተዘርግቷል። የሚመዘነው ሌላ ነው።

በእርጋታ አስረዳት። ድርጅቱ ባለፉት ዓመታት ጎበዝ የነበሩ ሰዎችን መርጦ ተጸጽቷል። ከሥራ ሌላ ሕይወት የሌለው ሰው አንድ ዓመት ይሮጥና ይወድቃል። ስለዚህ የሚፈለገው ሚዛን ያለው ሰው ነው፤ ወዳጅ ያለው፣ ቤተሰቡን የሚጠይቅ፣ የሚዝናና። መዝናናቷን አይቷል፤ ሐዲዱ ዳር አንድ ሰዓት፣ ጥሩ ነው። ከዚያ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

"ከእናትሽ ዘጠኝ መልእክት መጥቷል። አንዱንም አልመለስሽም።"

ሄራን ብዙ ጊዜ በአንድ ላይ እንደምትመልስ ተናገረች። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤ የተጠራጠረም ያመነም አይመስልም። ከግድግዳው ያለችው ሴት አንድ ነገር ጻፈች።

"አሁን ብትመልሺላትስ?" አለ። "አንቸኩልም። እንጠብቅሻለን።"

ሄራን ስልኩን አወጣች። ሦስት ሰዎች ያዩዋታል። ከስልኩ ማዶ የሚሰማት አንድ ሰው ብቻ አለ፤ የእናቷን ስልክ የያዘው ወንድሟ። ለእሱ የምትለው የላትም። ቁልፉን ተጫነችና ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች። ልትል ያሰበችው "ደህና ነኝ፣ እደውላለሁ" ነበር።

"እማዬ" አለች። "ሁሉንም ሰምቻለሁ። አንዱንም ሳልሰማ አላለፍኩም። ዝም ያልኩሽ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ ድምፅሽን ከሰማሁ በኋላ ማውራት ስለሚያቅተኝ ነው። ያን እሑድ ሳልደውልልሽ በመቅረቴ ይቅር በይኝ። ኪሩቤል ስላለሽ ነው እኔ እዚህ መቀመጥ የቻልኩት። እወድሻለሁ፤ ብዬሽ አላውቅም መሰለኝ። ደህና እደሪ፣ እማዬ።"

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ጣቷን ከማንሳቷ በፊት ሰውየው "ጥሩ፣ ይበቃናል" አለ።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ውጤቱ ወጣ። ሦስት ዓመት፣ ሄራን ሰላማዊት ገብሩ ይላል፤ በመዝገብ የእናት ስም የሚቀድምበት ዘመን ነው። አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው አጭር ነበር። ናሆም አላጨበጨበም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ስልክ ያወራል፣ "አዎ፣ ዛሬ ታወቀ። አዎ፣ ኑ" ሲል ሰማችው።

*

ኮዬ ፈጬ፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ ዓርብ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ሄራን አልተኛችም፤ ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ትናንት ማታ ጥቁር ሻርፕ አውጥታ ወንበሩ ላይ ሰቅላለች። በሩ ሲንኳኳ ራሷ ከፈተችው።

ፊት ለፊት የቆሙት ጋሽ ሮቤል ናቸው፣ የሕንፃው ዕድር ሰብሳቢ። ከኋላቸው እትዬ ሜሮን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ናሆም ከሁሉም ኋላ አንገቱን ደፍቷል። ሊፍቱ ስለማይሠራ ሁሉም ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ጋሽ ሮቤል እጇን ይዘው ወደ ውስጥ መሯት፣ አስቀመጧት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ እንግዲህ የመጣነው…"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ" አለች ሄራን። "እማዬ ናት።"

እትዬ ሜሮን ጋሽ ሮቤልን አዩ። ናሆም እጁን አፉ ላይ አደረገ።

ከኮሪደሩ የከዘራ ኳኳታ መጣ። ቀስ እያለ፣ እየቆመ፣ ደግሞ እየቀጠለ መጣ። አንዲት የማታውቃት ሴት እናቷን በክንዷ ደግፋ በሩ ላይ ብቅ አለች። ሰላማዊት ሰባተኛው ፎቅ ላይ ለማረፍ ተቀምጣ ነበር፤ የቀሩት እሷን ጥለው ቀድመው ወጥተዋል።

ሄራን ሳቀች። ሳቁ ከየት እንደመጣ አላወቀችም፤ ጮክ ያለ፣ የልጅ ሳቅ ነበር። ተንደርድራ እናቷን አቀፈች፣ ትከሻዋን፣ ፊቷን፣ እጇን ዳሰሰች፣ "አለሽ፣ አለሽ" እያለች። አምባሩ አረንጓዴ በርቶ "ደስታ" ብሎ መዘገበ።

ከዚያ የእናቷን ልብስ አየች። ጥቁር ነው። ፀጉሯ እስከ ቆዳዋ ተቆርጧል። ሄራን የደገፈቻትን ሴት አየች፤ ጎረቤት መሆኗ ነው። እናቷ ከቤት ስትወጣ የሚደግፋት ሰው አንድ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሱ ሌላ ክንድ ይዛ አታውቅም።

ጋሽ ሮቤል የጀመሩትን ጨረሱ። ስሙን ጠሩ። ቅዳሜ ማለዳ፣ ከዛሬ አሥራ ሦስት ቀን በፊት ነው አሉ። እሑድ ተቀብሯል።

እትዬ ሜሮን ማልቀስ ጀመሩ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። አምባሩ ነዘረና በሴት ድምፅ የደረሰው መርዶ የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደደረሳት ጠየቀ። ሄራን ወደ አፏ አስጠጋችው። "የወንድሜ" አለች። "አሁን።"

አምባሩ አመሰገናት።

*

ለቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል እናትና ልጅ አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰላማዊት እንባ አልቀራትም። ኮምቦልቻ ሳለች ለሰው ሁሉ የነገረችውን፣ በተመሳሳይ ቃላት መሆን አለበት፣ ለልጇም ነገረቻት።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ተነስታ ሳሎን ስትገባ ኪሩቤል የሥራ ወንበሩ ላይ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ጥሎ ነበር። ስክሪኑ ይበራል፣ መዳቢው ሥራ ያቀርባል። "ተኝቶ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው" አለች። "ደስ አለኝ። ጋቢ አመጣሁና ደረብኩለት። እንዳላባንነው ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ጎረቤት ሄጄ ጸጥ በሉ፣ ልጄ ተኝቷል አልኳቸው። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ አለለት።"

ሄራን የእናቷን እጅ ያዘች።

ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ አለች ሰላማዊት። ሰዎቹ እንንገራት ብለው ነበር፤ ምዘናው ይለፋት አልኩ። መደወል አልቻልኩም፣ ድምፅሽን ከሰማሁ እንደማለቅስ አውቃለሁ። ግን እሱ በየቀኑ ይጽፍልሽ ስለነበር ዝም ካልን ትጠረጥሪያለሽ ብዬ ያንን ነገር መጫን ተማርኩ። የጎረቤቱ ልጅ አስተማረችኝ። ሐዘን ቤት ሰው ሞልቶ፣ እኔ ኩሽና ገብቼ "ደህና ነኝ፣ በልተሻል" እላለሁ።

"አልመለስኩልሽም" አለች ሄራን። ምክንያቱን ለመናገር አፏን ከፈተች። ምክንያቱ ይህን ያህል አጭር ነበር፤ ሞተሻል ብዬ ነው። አልወጣላትም። "ሥራ በዝቶብኝ" አለች።

"አውቃለሁ፣ እናቴ። እሱም ሥራ ይበዛበት ነበር።" ሰላማዊት ከጉያዋ ስልኳን አወጣች። "አንዷን ግን መልሰሽልኛል። ያቺ ነች ያቆመችኝ። ለቅሶ ለመጣ ሰው ሁሉ አሰምቻለሁ። ባቡሩ ላይም እስክደርስ እሷን ስሰማ ነው የመጣሁት።"

ሄራን እንዳታሰማት ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ እናቷ ግን ልምድ ባለው ጣት ቀድማ ተጫነችው። የሄራን ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሁሉንም ሰምቻለሁ አለ ድምፁ። ኪሩቤል ስላለሽ ነው አለ። ሰላማዊት በዚህ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። እወድሻለሁ፤ ብዬሽ አላውቅም መሰለኝ። ደህና እደሪ፣ እማዬ። ናሆም ወደ በሩ ሄደ።

ከዚያ፣ በመጨረሻ፣ ለስላሳው የወንድ ድምፅ፦ "ጥሩ፣ ይበቃናል።"

ሰላማዊት ዓይኗን ገለጠች።

"ይሄ ሰውዬ ማነው?" አለች። "ድምፁ ደግ ነው። ሳደምጠው፣ እሰይ፣ ልጄ ብቻዋን አይደለችም አልኩ።"